በፊቷ የማይባል ቃል

ሰው ጠበቃ ሲባል ነገር አሳማሪ ይመስለዋል። የእኔን ውሎ ያየ ግን ሥራዬ ሁሉ «ማለት» ከምትባል አንዲት ቃል ጋር መጨቃጨቅ እንደሆነ ያውቃል። አዋጅ ሲከፈት መጀመሪያው ላይ «ትርጓሜ» የሚል አንቀጽ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ይሄ ማለት ይሄ ነው፣ ያ ማለት ያ ነው እያለ ይደረድራል። ወጣቶቹ ጠበቆች ያቺን ገጽ ዘለው መብቱና ቅጣቱ ወዳለበት ይሮጣሉ። ስንቱን ተቆጥቻለሁ! በር እያለልህ በመስኮት ምን ያስገባሃል እላለሁ። እነሱ ይስቃሉ። በሌለሁበት «እትዬ ማለት» ነው አሉ የሚሉኝ። አምቦ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሐሜት ከፍርድ ቤቱ በር ተነስቶ ቢሮዬ እስኪደርስ ሻይ እንኳ አይቀዘቅዝም።

ቢሮዬ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። የአሠራራችንን ነገር ለማያውቅ ልንገር። ባለጉዳይ ይመጣና ነገሩን በኦሮምኛ ያጫውተኛል። እኔ ሕጉን የተማርኩት በአማርኛ ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ ያለው የቆየ የፍትሐ ብሔር መጽሐፍም አማርኛ ነው። ስለዚህ የሰማሁትን በሆዴ ወደ አማርኛ አዞራለሁ፣ አንቀጹን እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ማመልከቻውን መልሼ በኦሮምኛ እጽፋለሁ፤ ችሎቱ የሚሠራው በኦሮምኛ ነውና። እኛ ቤት አማርኛ ነበር የሚወራው፣ ሰፈሩ ኦሮምኛ። ከልጅነቴ ስመላለስበት የኖርኩት መንገድ ስለሆነ አልፈራውም፤ አብዛኛው ቃል በደህና ሄዶ በደህና ይመለሳል። የሚያስፈራኝ በሁለቱም ቋንቋ አንድ የሆነ ቃል ነው። ሰው እዚያ ላይ ይዘናጋል።

«ጉዲፈቻ» እንደዚያ ያለ ቃል ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አማርኛ ነው ብሎ ይምልልሃል። ቃሉ ግን የእዚህ አገር ነው፤ ሕጉ ከኦሮሞ ገበሬ ቤት ነው የወሰደው። ከወሰደውም በኋላ በራሱ ልክ ሰፋው፤ ውል ይኑር፣ ፍርድ ቤት ያጽድቀው፣ የወለደ ይስማማ፣ የሚያሳድግ ይፈርም። ክፋት የለውም። ሕግ እንዲህ ካላደረገ ሥራውን ሊሠራ አይችልም።

ዳኞችን የሚያሠለጥን አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ቤተሰብ ሕግ አጠር ያለ ማብራሪያ ጻፊልን ብሎኝ፣ ስለዚሁ ቃል አንድ ምዕራፍ ጽፌ ነበር። እዚያ ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። በባህል ተፈጽሟል የተባለ ጉዲፈቻ በግምት አይረጋገጥም፤ ምስክሮቹ ልጁ ከሌላ ሰው ተወልዶ ለአሳዳጊው እንደተሰጠ በግልጽ ቃል ሊናገሩ ይገባል ትላለች። እኮራባት ነበር። ቤት ውስጥ ያደገ ሁሉ የጉዲፈቻ ልጅ አይደለም እኮ። የዘመድ ልጅ ለትምህርት ይመጣል፣ ለሥራ የመጣች ልጅ በዚያው አድጋ ትዳራለች፤ ሁሉም «እማዬ» «አባዬ» ሲሉ ይሰማሉ። ልዩነቱን የሚያሳውቀን የተነገረ ቃል ነው። ያ ከሌለ ማንም እየተነሳ ያሻውን ልጅ ሲያደርግ፣ ያሻውን ሲሽር ሊኖር ነው።

ጉዳዩ የመጣው ከጎጆ ነው። ጎጆ ከአምቦ ወደ ሰሜን ዳገቱን ወጥተው የሚያገኟት፣ ገብስና ድንች የሚዘራባት፣ በግ የሚረባባት፣ ብርዷ አጥንት ድረስ የሚገባ ከተማ ናት። ሴትዮዋ ጉንጯን ብርድ የሰነጣጠቀው፣ ቦቲ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ፣ ከሹራብ ላይ ነጠላ የደረበች፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ገበሬ ነበረች። ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጣች። አባቷ ሞተዋል። እናቷ በሕይወት አሉ፣ ግን አርጅተዋል። የአባቷን ድርሻ መሬት ለመውረስ ወራሽነቷን ፍርድ ቤት እንዲያረጋግጥላት ስትጠይቅ የአባቷ ታናሽ ወንድም መጥቶ ተቃወመ። ወንድሜ ልጅ አልነበረውም፣ እሷ እሱ ቤት ያደገች ናት አለ።

«‹ቤቱ ያደገች› አለኝ፣ እትዬ» አለችኝ። «ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገበያ የሚወስደኝ አጎቴ እኮ ነው።»

መሬቱ ሰፊ አይደለም። ከተረታች ግን ግማሹ ይሄዳል፤ በቀረው ደግሞ እናቷንና ሁለት ልጆቿን ልታኖር አትችልም። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ድንቹን ዘንድሮ ልዝራው ወይስ ይቆይ ብላ ነው የጠየቀችኝ። ዝሪው አልኳት።

መታወቂያዋን ፎቶ ኮፒ አስደርገሽ ነይ ብዬ ላክኋት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጄኔሬተር ያለው ቤት ፍለጋ ወደ መናኸሪያው ወረደች። እሷ እንደወጣች፣ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ወንበራቸውን ወደ እኔ አስጠጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ። ባልና ሚስቱ ለረጅም ጊዜ ልጅ አላገኙም። ከወንዝ ማዶ ልጆች የበዙላት ዘመዳቸው ነበረች። ሽማግሌ ተላከ፣ የወለዱትም እሺ አሉ። ቀን ተቆርጦ በግ ታረደ፣ የሕፃኗ ራስ ቅቤ ተቀባ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ ሚስትየዋም ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቃል ገቡ። እነዚህ ሦስቱም ሽማግሌዎች በቦታው ነበሩ። ሁለቱ «እንዲያ ነው፣ እንዲያ ነው» እያሉ ያጅባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ደስታዬ ልክ አጣ። እንዲህ ያለ ምስክር ከየት ይገኛል! ሴትዮዋ ፎቶ ኮፒዋን ይዛ ስትመለስ ሽማግሌው ስለ ዝናቡ መዘግየት እያወሩ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ለጎጆ ፍርድ ቤት ያስገባሁት ማመልከቻ ቀላል ነበር። ጉዲፈቻው የተፈጸመው ፍርድ ቤት ያጽድቀው የሚባል ነገር እዚያ ተራራ ላይ በማይታወቅበት ጊዜ ነው፤ በባህሉ መሠረት መፈጸሙ ከተረጋገጠ ልጅ ናት፣ ልጅ ከሆነች ደግሞ ወራሽ ናት አልኩ። ዳኛው ይህን በመጀመሪያው ቀጠሮ ተቀበለኝና «እንግዲያስ መፈጸሙን በምስክር አስረጂ» አለኝ። ሽማግሌዎቹን አስቀደምኩ፤ እናትየዋን ለሥርዓቱ ያህል የምስክር ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አስገባኋቸው። በዚያ ዕድሜያቸው ችሎት ላንገላታቸው አላሰብኩም ነበር።

የቀጠሮው ዕለት በማለዳ ከአምቦ ተነሳሁ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨኝ ቆይቶ ጎጆ ስደርስ ወገቤ የእኔ አልመስል ብሎኛል። ጉሙ ገና አልተነሳም። ዳኛው ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ተቀምጧል፤ ሞቅ የሚለው የጉደር አገር ልጅ ነው፣ ብርዱን አልለመደውም። የአጎትየው ጠበቃ ደግሞ እኔ ሥልጠና ስሰጥ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ የነበረ ወጣት ነው። ጥሩ ጠበቃ ወጥቶታል፤ ያላማረኝም ለዚሁ ነው። ባለጉዳዬ ከጎኔ፣ አጎትየው ከጠበቃው ጎን ተቀመጡ፣ እናቷ ከምስክሮቹ ጋር ውጭ ይጠብቃሉ። የተባለው ሁሉ በኦሮምኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ላስቀምጠው።

ትልቁ ሽማግሌ ገብተው ማሉ።

«ይህቺን ሴት ያውቋታል?» አልኳቸው።

«ከሕፃንነቷ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የሟቹ።»

«ለሟቹ ልጅ የሆነችው እንዴት ነው?»

እኔን አዩ። ከዚያ ከጎኔ የተቀመጠችውን አዩ። «ልጅ እንዴት ይሆናል? ተወልዳ ነዋ!» አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። «ሟቹና ባለቤታቸው ናቸው የወለዷት እያሉ ነው?»

«ሌላ ማን ይወልዳታል?»

የራስን ምስክር መልሱን አፉ ውስጥ እየጨመሩ መጠየቅ አይፈቀድም። ዙሪያውን ዞርኩ፤ ያ ዕለት ምን ነበር፣ በግ የታረደው ለምን ነበር አልኩ። «ለምርቃት» አሉ። የምን ምርቃት ብል «የልጅ» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ የባሰባቸው ነበሩ። «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፣ ነውር ነው» ብለው በችሎት መሐል ተቆጡኝ። ወይ ጉድ! የገዛ ምስክሬ እኔን ሊመክረኝ!

ወጣቱ ጠበቃ ተነሳ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ማመልከቻው ጉዲፈቻ ይላል፣ ምስክሮቹ ተወልዳለች ይላሉ። ተወልዳ ከሆነ ማመልከቻው ሐሰት ነው፤ ጉዲፈቻ ከሆነ ደግሞ እስካሁን የተናገረ የለም» አለና ከቦርሳው ማብራሪያዬን አወጣ። የእኔኑ! ገጹን አጥፎ ምልክት አድርጎበታል። «የአመልካች ጠበቃ ራሳቸው እንደጻፉት» ብሎ ያቺን ዓረፍተ ነገር ጥርት አድርጎ አነበባት። በደንብ የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ናት፤ እዚያው ተቀምጬም ቢሆን ስህተት ላወጣላት አልቻልኩም። ባለጉዳዬ ፊቴን ታየኛለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሦስተኛውን ሽማግሌ ተውኳቸው። ዳኛው ከሰዓት በኋላ በቀሩኝ ምስክር እንድቀጥል ነግሮኝ ለምሳ አሰናበተን።

ከችሎቱ በታች ሻይ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹን ሳገኛቸው ደሜ ፈላ። «ቢሮዬ ተቀምጣችሁ የነገራችሁኝ ተረት ነው? መጽሐፍ ይዛችሁ ምላችሁ እንዴት ትዋሻላችሁ?» ብዬ ስጮህ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«እኛ መቼ ዋሸን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ ስኳራቸውን እያማሰሉ። «ልጁ ናት፣ ልጁ ናት አልን።»

«እኔ የጠየቅሁት ስለ ጉዲፈቻው ነው!»

«ያ እኮ አለቀ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በጉ የታረደ ዕለት አለቀ።»

ከእሳቸው ጋር ብጨቃጨቅ ውሃ መውቀጥ ነው። ተመልሰው ይመስክሩ እንዳልል ደግሞ፣ ጠዋት ምለው ተወልዳለች ያሉ ሰዎች ከሰዓት ተሰጥታ ነው ቢሉ፣ ዳኛው በምሳ ሰዓት ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። የቀሩኝ እናትየዋ ብቻ ናቸው።

እሳቸው ጥግ ላይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ለእናቷ ዳቦ ልትገዛ ወጣ ብላለች። ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ።

«ምን ያስጮህሻል?» አሉኝ። «እሷ ፊታቸው ተቀምጣ እኮ ነው የጠየቅሻቸው።»

ያን ጊዜ የፎቶ ኮፒው ነገር ትዝ አለኝ። ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት እሷ ስትወጣ ነበር፤ ስትመለስ ወሬያቸው ዝናብ ሆነ። እናትየዋ ቀስ ብለው አስረዱኝ። በእነሱ መንደር የተሰጠ ልጅ ባለበት አልተወለድክም፣ አልተወለድሽም አይባልም። ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ስንት የስድብ ዓይነት ይወርዳል፤ ይሄኛው ግን አይነካም። የነካው ሰው ሽማግሌ ፊት ቆሞ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም በኋላ ሰው በክፉ ዓይን ያየዋል። አጎትየው ራሱ መሬቱን ሊወስድ ተነስቶ እንኳ «ቤቱ ያደገች» አለ እንጂ፣ ከማን እንደተወለደች አንድ ቀን ከአፉ አልወጣም። እኔ ሕጉን በሁለት ቋንቋ አውቃለሁ፣ ስለ ቃሉ ምዕራፍ ጽፌያለሁ፤ ይህን ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የማይነገር ነገር ማን ይነግረኛል?

«እርስዎስ፣ እማማ?» አልኳቸው።

«እኔማ ቃሉን የገባሁት ራሴ ነኝ። ጭኔ ላይ አስቀምጫት፣ አልወለድኩሽም የሚል ቃል ከአፌ ላይወጣ።»

«መሬቱ እኮ ሊሄድ ነው።»

«መሬቱ ይሄዳል ትይኛለሽ። ከአፌ የወጣውስ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትሉ የለ እናንተ በአማርኛ።»

ምን ልበላቸው? ምስክርን እንዲህ በል ተብሎ አይነገርም፤ ያንን መስመር አልፌ አላውቅም። ማስረዳት የቻልኩት ሕጉ የሚጠይቀውን ብቻ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚያውቀው የተነገረውን እንጂ በሆድ ያለውን አይደለም አልኳቸው። ልጃቸው ዳቦውን ይዛ ተመለሰች፣ ቆርሳ ሰጠቻቸው፣ እሳቸውም ከተሰጣቸው ላይ ግማሹን መልሰው ለእሷ ሰጧት። ሁለቱም እንደዚያ ተካፍለው በሉ። እኔ አልበላ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ተጠሩ። በበትራቸው ተደግፈው ገቡ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዘው ማሉ። የመጀመሪያ ጥያቄዬን ሳልጠይቅ ወደ ዳኛው ቀና ብለው «ልጄ ትውጣልኝ» አሉ።

ወጣቱ ጠበቃ ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከራካሪ ወገን ምስክር ሲሰማ ከችሎት ውጪ የምትባልበት ምክንያት የለም» አለ። ልክ ነው። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እል ነበር።

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው ይመስላል፤ እኔ ግን ሌላ ነገር ያስታወሰ ይመስለኛል፣ እሱም የእዚሁ አገር ልጅ ነው። «አስወጥቼሽ አይደለም» አላት ባለጉዳዬን። «ጠበቃሽ እዚህ አሉ። በፈቃድሽ ትወጫለሽ ወይ ነው የምልሽ።»

ተነሳች። «ምን እንደምትል አውቃለሁ እኮ፣ ማመልከቻው ላይ ፈርሜያለሁ። ለምን እወጣለሁ?» አለችና ወደ እናቷ ዞረች። ድምፅዋ ትንሽ ተቆጥቶ ነበር።

«ማወቅማ ታውቂያለሽ» አሉ እናትየዋ። «ከእኔ አፍ ግን አትሰሚም።»

ባለጉዳዬ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፣ በሩንም ራሷ ዘጋችው።

ለሽማግሌው ያቀረብኩትን ጥያቄ ደገምኩ። ለሟቹ ልጅ የሆነችው እንዴት ነው? እናትየዋ አስቀድመው በሩን አዩ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ ተናገሩ። ማን እንደወለዳት፣ ከወንዝ ማዶ ያመጧት ጠዋት እንዴት ያለ ብርድ እንደነበር፣ ራሷን ቅቤ የቀባው ማን እንደሆነ አንድ በአንድ ተናገሩ። በመጨረሻ «አልወለድኳትም» አሉ። ከትንፋሽ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቃል የምትጽፈው ጸሐፊ ቀና ብላ «አልተሰማኝም፣ ይድገሙልኝ» አለች። ጸሐፊዋ ጥፋት የለባትም፤ ያልተሰማ ቃል መዝገብ ላይ አይገባም። ሌላ ጊዜ አልተሰማም፣ ይደገም እያልኩ የማስቸግረው እኔው ነኝ። ያን ዕለት ግን በሆዴ ረገምኳት። እናትየዋ ደገሙት።

ወጣቱ ጠበቃ ለመስቀለኛ ጥያቄ ተነሳ። ሥርዓቱ ላይ ከባልዎ ወገን ማን ነበር ብሎ ጠየቃቸው። ማንም አልነበረም እንዲሉለት ነው።

«ማን ያልነበረ አለ?» አሉ። «በጉን የያዘው ይሄ ነው» ብለው በበትራቸው አጎትየውን አመለከቱ።

ዳኛው ወደ አጎትየው ዞረ። «እውነት ነው?» አለው። ሰውየው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። ጠበቃው ክንዱን ነካ አደረገው። አጎትየው የተዘጋውን በር አየና «ይዣለሁ» አለ። እስካሁን ሲክድ የኖረ ሰው! እሷ ውጭ ስለነበረች ነው የተናገረው ብዬ ነው የማስበው። ፊቱ ተቀምጣ ቢሆን እሱም እንደ ሽማግሌዎቹ አንዱን ነገር ያወራ ነበር።

ስንወጣ ካፊያ ጀምሯል። ልጅቱ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆማ ትጠብቃለች። እናትየዋ ወደ እሷ ሄዱ፣ የነጠላዋን ጫፍ ሳብ አድርገው ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አሏት። ራቅ ብዬ ስለነበር አልሰማሁም። ልጅቱ ክንዳቸውን ያዘችና ጭቃውን እየመረጡ ቁልቁል ወረዱ። ለእኔ እጇን አውለበለበችልኝ፣ እናትየዋ ግን ዞር አላሉም። ቅር አሰኝቶኛል፣ አልዋሽም።

ፍርዱ ቶሎ አልመጣም። መንገድ በየጊዜው የሚዘጋበት፣ ስልክም የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር ቀጠሮው እየተላለፈ ቆየ፤ ድንቹ ተዘርቶ አበበ። በመጨረሻ ዳኛው የእናትየዋን ቃልና የአጎትየውን ማመን መሠረት አድርጎ ለእሷ ፈረደ። ማብራሪያዬንም ጠቅሷል፤ በግልጽ ቃል ተነግሯል ለማለት። ኋላ ማብራሪያው እንደገና ሲታተም ያቺን ዓረፍተ ነገር አልነካኋትም። ከሥሯ ግን አንዲት ጨመርኩ። ምስክር በሚሰማበት ጊዜ ልጁ በፈቃዱ ከችሎት ወጣ ብሎ ሊቆይ ይችላል፣ ፍርድ ቤቱም ይህን አስቀድሞ ሊጠይቀው ይገባል የምትል ናት። ሥልጠና ላይ አንድ ዳኛ ይህ በየትኛው አንቀጽ ነው አለኝ። አንቀጽ የለውም አልኩት። ተሰብሳቢው ሳቀ፤ «እትዬ ማለት» አንቀጽ የላትም ተባለ።

ባለጉዳዬ የፍርዱን ግልባጭ ልትወስድ አምቦ መጣች። አንብቢልኝ አለችኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ማንበብ አያቅታትም፤ ግን ፍርድን ከጠበቃ አፍ መስማት ደስ ይላል መሰለኝ። ከላይ ጀመርኩላት። ማመልከቻውን አነበብኩ፣ የአጎትየውን መልስ አነበብኩ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል ሳነብ ሁለታችንም ሳቅን። የእናትየዋ ቃል ጋ ስደርስ ዓይኔ ቀድሞኝ አየው። ጸሐፊዋ ጥርት አድርጋ ጽፋዋለች። አንዲት ቃል አትዝለሉ እያልኩ ከተማውን ሳስመርር የኖርኩት ሴት፣ ከመስመሩ ዘልዬ «በዚህም መሠረት አመልካች የሟች ልጅ መሆኗ ተረጋግጧል» ወደሚለው ገባሁ።

«ዘለልሽ፣ እትዬ» አለች።

«ዘለልኩ።»

«ደግ አደረግሽ።» ግልባጩን ተቀብላ አጠፈችው። «መሬት ቢሮ ያሉት ያነቡታል?»

«ያነቡታል።»

«እነሱ ያንብቡት» አለችና ሹራቧ ውስጥ ከተተችው።

ጠበቃ የማያገባውን መጠየቅ የለበትም። እኔ ግን ያ ባሕር ዛፍ ሥር የተባለው ነገር ስንት ወር ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል፣ አላስቻለኝም። ያን ዕለት ከችሎት ስንወጣ እናትሽ ጆሮሽ ላይ ምን አሉሽ አልኳት።

ፈገግ ልትል ነበር፣ እንባዋ ቀደማት።

«‹ዋሽቼያቸው መጣሁ፣ ነይ እንሂድ› ነው ያለችኝ።»